ለመካኒኮቹ ሲል

ፈርናንዶ አሎንሶ 400ኛ ውድድሩ ላይ 15 ዙር ያህል ነዳ። ፍሬኑ ጋለ። መኪናውን ወደ ጋራዡ መልሶ አስገባና ወረደ። በቃ፣ ይኸው ነው። በፎርሙላ ዋን ታሪክ 400 የደፈነ ሾፌር ከእሱ በፊት የለም። ሳምንቱን ሙሉ ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነበር። የበዓሉ ባለቤት ግን ሌሎቹ ውድድሩን ሳያጋምሱ ወደ ቤት ተሸኘ።

ዕለቱ እሑድ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 27፣ 2024። ውድድሩ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ስለነበር እኛ ጋ ሲጀመር ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። የአርሰናልና የሊቨርፑል ጨዋታ 2 ለ 2 አልቆ ሰው ወደየቤቱ ገብቷል። ሰፈር ውስጥ ያለችው ግሮሰሪ ውስጥ የቀረነው እኔና ባለቤቱ ብቻ ነን። አሎንሶ ከመኪናው ሲወርድ አይቶ "አለቀለት በቃ፣ አርጅቷል" አለኝ። "ሰውየው ምንም አልሆነም፣ ፍሬኑ ነው" አልኩት። አልተስማማንም። ስለዚህ ሾፌር ለመጻፍ ሳስብ ቆይቻለሁ። ያቺ "አርጅቷል" የምትል ቃል ናት ያስጀመረችኝ።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አቋርጦ ወደ ሰሜን የሚወርድ ሰው ያገኘናል። በበራችን የማያልፍ የጭነት መኪና የለም። ከጎጃም ጤፍና በቆሎ ይመጣል፣ ከደርባና ከሙገር በኩል ሲሚንቶ ይመጣል። እኛ ጋ የሚገባው መኪና ብዙውን ጊዜ የሚገባው ለፍሬን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት። ያንን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ ሾፌር ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጎማው ይጨሳል።

ፍሬን ማለት ሩጫን ወደ ሙቀት መቀየር ነው። መኪናው የነበረው ጉልበት ሁሉ ሸራውና ብረቱ መሃል ገብቶ ይጋግላል። ያ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። የሚያወጣለት በጎማው ዙሪያ የሚነፍሰው አየር ነው። ዓባይ በረሃ ውስጥ አየሩ ራሱ ትኩስ ስለሆነ ሥራውን በደንብ አይሠራም። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እዚህ አካባቢ "ፍሬን እምቢ አለው" የሚባለው አደጋ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚጀምረው። ቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አንዴ የለመደ ሰው በእንቅልፉም ያውቀዋል።

የፎርሙላ ዋን መኪና ፍሬን ከካርቦን ነው የሚሠራው። አጥብቆ ሲረገጥ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ማታ በሚደረጉ ውድድሮች ላይ በጎማው መሃል ፍም መስሎ ቀልቶ ይታያል። ካርቦን ሳይሞቅ አይዝም፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ራሱን በልቶ ያልቃል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎችን በየውድድሩ ቦታ መጠን ይለካሉ። ሁሌም የሚያስቸግራቸው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል ማለት ነው። ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ ሁሉም ይጠማዋል።

እኛ ደግሞ ከዚያም በላይ ነን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። ቱርቦ የሌለው አሮጌ አይሱዙ እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ለዚህ ነው፤ ነዳጁ ያው ነው፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አነሰ። ቱርቦ ያለው መኪና ይሻላል፤ ቱርቦው ፈጥኖ እየተሽከረከረ የጎደለውን አየር ያሟላል። ሜክሲኮ ላይ ያሉት የፎርሙላ ዋን ሞተሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ክንፋቸው ግን ማሟያ የለውም። እንደ ሞናኮ ላሉ ጠመዝማዛ መንገዶች የሚገጠመውን ትልቁን ክንፍ ይገጥሙና፣ መሬት ላይ የሚያጣብቃቸው ኃይል ግን ቀጥ ባለው የሞንዛ መንገድ ትንሹ ክንፍ የሚሰጣቸውን ያህል ነው። መኪናው ይንሸራተታል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ቀጥታ መንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይበርና፣ መጨረሻው ላይ ፍሬን በአንድ ጊዜ ይረገጣል።

ያን ቀን ገና መነሻው ላይ ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ስብርባሪ ተበትኗል። ከዚያ ውስጥ ገብቶ የአሎንሶን ፍሬን ማቀዝቀዣ ደፈነው ተባለ። በስስ አየር ላይ ቀዳዳው ሲደፈን ከዚያ ወዲያ ምን ይጠበቃል? መኪናውን ማስገባቱ የልምድ ውሳኔ ነው። ለግሮሰሪው ባለቤት ይህን ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም፤ መሽቷል፣ መዝጋት ፈልጓል።

ስለ ሜክሲኮ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሞተር ጋር ባይገናኝም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው። እነሱም አልረሱንም፤ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። እና ያቺ ከተማ ስትነሳ የእኔ ትውልድ ሰው እንኳ ማሞ ወልዴን ሳያስብ አያልፍም።

1968 ነው፣ በፈረንጆቹ። የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን። ሁለቴ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እግሩን እያመመው ተነሳ፤ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ ቀጠለ። 36 ዓመቱ ነበር። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ የገባው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በ10,000 ሜትር ብር አግኝቷል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማሞ የመጀመሪያ ኦሊምፒኩን የሮጠው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። የሮጠውም 800 ሜትርና 1,500 ሜትር፣ እንዲሁም 4 በ400 ዱላ ቅብብል ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። ከዚያ ነው ሜክሲኮ የመጣው። ሜልቦርን ላይ 800 ሜትር የሮጠ ሰው ከ12 ዓመት በኋላ ማራቶን አሸነፈ። በ1972 ደግሞ 40 ዓመቱ ላይ ሙኒክ ሄዶ በማራቶን ነሐስ አመጣ። እንዲህ ያለ የሩጫ ዕድሜ የሚገኘው በየጊዜው ራሱን እንደገና በሚሠራ ሰው ዘንድ ነው። ርቀቱን ለወጠ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ትዕግሥቱን አሳደገ።

አሎንሶም የጀመረው ሜልቦርን ነው፤ በ2001፣ 19 ዓመቱ ላይ። ግጥምጥሞሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ደስ ይለኛል።

ሰሜን ስፔን፣ ኦቪዬዶ ነው የተወለደው፤ 1981። አባቱ የፈንጂ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አባትየው ለትልቋ ልጁ በእጁ ትንሽ የውድድር መኪና ሠራላት፤ ጎ ካርት የሚሏትን። ልጅቷ ብዙም አልወደደቻትም። ታናሿ ወሰዳት፣ ሦስት ዓመቱ ነበር። እግሩ ስለማይደርስ አባቱ ፔዳሉን አስተካከለለት። ልጁ መወዳደር ሲጀምርም መካኒኩ አባቱ ነበር። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ የምወደው ከዚህ ጀምሮ ነው። ፔዳል ያስረዘመለትን ሰው እያየ ያደገ ልጅ ነው።

የመጀመሪያ ቡድኑ ሚናርዲ ነበረች። ከሁሉም ኋላ የምትሰለፍ፣ ገንዘብ የሌላት የጣሊያን ቡድን። ከዚያ ሬኖ ገባ፤ በ2003 ሃንጋሪ ላይ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ፤ በ2005ና በ2006 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይሄን ማንም ያውቀዋል። ከዚያ ዘመን እኔ ደጋግሜ የማየው የ2005ቱን የኢሞላ ውድድር ነው። ሚካኤል ሹማከር ፌራሪውን ይዞ፣ በጣሊያን ምድር፣ የመጨረሻዎቹን 12 ዙሮች ገደማ አሎንሶ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነዳ። የሹማከር መኪና ያን ሰዓት ይፈጥናል፣ በግልጽ ይታያል። አሎንሶ ግን የት ላይ መፍጠን እንዳለበትና የት ላይ ቀስ ማለት እንዳለበት ያውቃል። መታጠፊያው ውስጥ ቀስ ይላል፤ ሹማከርም ለመታገስ ይገደዳል። መውጫው ላይ ቀድሞ ጋዝ ይሰጣል። ሹማከር መስተዋቱን ሞልቶት እያየ፣ አሎንሶ አንድም ጊዜ አልተደናገጠም። ሩብ ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት አሸነፈ። 23 ዓመቱ ነበር። የሽማግሌ ትዕግሥት ያኔም ነበረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያመልጥ ዋንጫ ታሪክ ነው። በ2007 ዋንጫው በ1 ነጥብ አመለጠው፣ በ2010 በ4 ነጥብ፣ በ2012 በ3 ነጥብ። ሦስቱ ተደምረው 8 ነጥብ ናቸው። አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሚባል ሰው በ8 ነጥብ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ተብሎ ቀረ። የ2012ቱ በተለይ ያንገበግባል። ያኔ የሚነዳው ፌራሪ የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ደካማ ነበር። እሱ ግን ቫሌንሲያ ላይ ከ11ኛ ተነስቶ፣ አገሩ ላይ አሸነፈ። በመጨረሻ ያሸነፈው በሜይ 2013 ባርሴሎና ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሜክሲኮ ድረስ 200 የሚጠጋ ውድድር ያለ ድል ነድቷል። 32 ድል ላይ ቆሟል።

"ታዲያ ለምን አይወርድም?" ይሉኛል ጋራዥ ውስጥ ያሉት ልጆች። መልሱን ለማግኘት መጥፎውን ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል።

በ2015 ማክላረን ገባ። ሞተሩን የሚሠራው ሆንዳ ነበር። ሞተሩ ጉልበት የለውም፣ ይበላሻል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ሁሉም ያልፉታል። በዚያ ዓመት ጃፓን ውስጥ፣ ሱዙካ ላይ፣ የሆንዳ ሰዎች በገዛ አገራቸው፣ በገዛ መንገዳቸው ላይ ቆመው እየሰሙ፣ በሬዲዮ "የጂፒ 2 ሞተር ነው!" ብሎ ጮኸ። ጂፒ 2 ማለት ከፎርሙላ ዋን በታች ያለው የወጣቶች ውድድር ነው። ዓለም ሰማው። እኔ ንዴቱ ይገባኛል። 34 ዓመቱ ነው፣ ጊዜው ይሮጣል፣ የሚያልፉት ሾፌሮች ከእሱ የማይሻሉ ናቸው። ግን መካኒክ ነኝና ከሬዲዮው በሌላኛው ጫፍ ስላሉት ሰዎችም አስባለሁ። ሌሊት ተነስተው ያንን ሞተር የፈቱና የገጠሙ ሰዎች ነበሩ። ደካማ ሞተር መሆኑን ከእሱ በፊት ያወቁት እነሱ ናቸው። ያንን ንግግር አልወደድኩለትም፣ ዛሬም አልወደውም።

በዓመቱ ሜልቦርን ላይ ከሌላ መኪና ጎማ ጋር ተነካክቶ፣ አየር ላይ ተገልብጦ፣ መኪናው ቁርጥራጭ ሆነ። ከፍርስራሹ ውስጥ በገዛ እጁ ወጣ። ቶሎ የወጣው እናቱ በቴሌቪዥን እያየች ስለሆነ ደህና መሆኑን እንድታይ ብሎ ነው። የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ስለነበር የሚቀጥለውን የባሕሬን ውድድር አልነዳም። በ2018 መጨረሻ ላይ ከፎርሙላ ዋን ወጣ። ከቶዮታ ጋር የ24 ሰዓቱን የለ ማን ውድድር በ2018ና በ2019 አሸነፈ። አሜሪካ ሄዶ ኢንዲያናፖሊስን ሞከረ። በ2020 ዳካር ራሊ ላይ በሳዑዲ በረሃ ነድቶ 13ኛ ወጣ። ከዚያ ተመለሰ። ሊመለስ ሲዘጋጅ በብስክሌት ላይ እያለ መኪና ገጭቶት መንጋጋው ተሰብሯል። እንደዚያም ሆኖ በ2021 መጀመሪያ ውድድሩ ላይ ነበር። አፈር ልሶ መነሳት የሚሉት ይህንን ነው። በ2023 ከአስተን ማርቲን ጋር 8 ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ፤ ዓመቱ መሃል ላይ 42 ዓመት ሞላው።

እና አሁን ወደ ብራዚል ልምጣ። ከሜክሲኮ አንድ ሳምንት በኋላ ማለት ነው፤ ጥቅምት 24። ስለ 400ኛው ብዙ ተጽፏል። ለእኔ ግን ትልቁ 400 ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ የመጣው ነው።

አሎንሶ ከሜክሲኮ በኋላ ለሕክምና ወደ አውሮፓ ተመልሶ ነበር፤ ሜክሲኮ ላይም ሐሙስ ዕለት አሞት ከጋዜጠኞች ፊት ሳይቀርብ ቀርቷል። ሳኦ ፓውሎ ላይ ቅዳሜ ዝናቡ ስለበረታ የመነሻ ቦታ የሚለይበት የማጣሪያ ሩጫ ወደ እሑድ ጠዋት ተዛወረ። በዚያ ጠዋት፣ እርጥብ መንገድ ላይ፣ ሁለቱም የአስተን ማርቲን መኪኖች ተጋጩ። አሎንሶም፣ ጓደኛው ላንስ ስትሮልም። ውድድሩ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ። ግድግዳ የመታ የፎርሙላ ዋን መኪና ማለት እግሩ፣ ክንፉ፣ ወለሉ፣ አንዳንዴም የማርሽ ሳጥኑ የተጎዳ ማለት ነው። ያ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይፈታል፣ ይቀየራል፣ ይለካል። ጎማው በትክክል ካልተለካ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም። እያንዳንዱ ብሎን የራሱ የጥብቀት ልክ አለው። አንዲት ብሎን ብትረሳ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሰው ሕይወት ነው። ጋራዡ ውስጥ ብዙ እጅ አንድ መኪና ላይ ይረባረባል፣ ሁሉም የሌላውን እጅ ሳይነካ መሥራት አለበት። ሰዓቱ እየሄደ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ማድረግ ራሱ ሙያ ነው። ያንን በቴሌቪዥን አላሳዩትም። የሚታየው መኪናው ሲወጣ ነው።

ሁለቱም መኪኖች ወጡ። ስትሮል ገና ወደ መነሻው በሚኬድበት የማሟሟቂያ ዙር ላይ መኪናው ሾልኮበት ወጣ፤ ጠጠር ውስጥ ገብቶ ቀረ። አንደኛው መኪና ላይ የተደረገው ልፋት በሙሉ ሳይጀመር አለቀ። የቀረው የአሎንሶ ብቻ ነው።

ያን ምሽት እኛ ጋ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነበር፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድና ቼልሲ ነበሩ። ግሮሰሪው ውስጥ ስለ ፎርሙላ ዋን የሚሰማኝ አልነበረም። ጥግ ላይ ተቀምጬ በስልኬ አየሁት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ እነሱ ለጎል እየጮሁ።

መኪናው ይዘላል። በእርጥቡና በጎርባጣው መንገድ ላይ ከላይ ወደ ታች እየደጋገመ ይመታዋል። አሎንሶ ለነጥብ ቅርብ አይደለም፤ ነጥብ የሚሰጠው እስከ 10ኛ ነው፣ እሱ ከዚያ በታች ነው። 43 ዓመቱ ነው። በሬዲዮ ጀርባው እያመመው እንደሆነ ተናገረ። ቢያቆም ማንም አይወቅሰውም። ቀጥሎ ያለው ነው ልቤን የነካው። መኪናውን ለሠሩት መካኒኮች ሲል እንደሚጨርስ ነገራቸው። ጨረሰም። 14ኛ። ከመኪናው ሲወርድ በሕመም ተጎብጦ ነበር።

ሱዙካ ላይ በሬዲዮ የጮኸውና ሳኦ ፓውሎ ላይ በሬዲዮ ይህን ያለው አንድ ሰው ነው። በመሃላቸው 9 ዓመት አለ። በዚያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በፎርሙላ ዋን አንድም ድል የለም። ለእኔ ግን ያ 9 ዓመት ባዶ አይደለም። ሰውየው ያኔ ያልታየው ነገር ታይቶታል። ዋንጫ ይዞ የሚኖር ሰው ሊያየው የማይችለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሌ የሚያሸንፍ ሾፌር መካኒኮቹን በድሉ ይክሳቸዋል፣ በቃ። ማሸነፍ የማይችል ሾፌር ምን ሊሰጣቸው ይችላል? መኪናቸውን ይዞላቸው ቤት ይገባል። 14ኛም ቢሆን።

ይህን ታሪክ በማግስቱ ለአንድ ደንበኛችን ነገርኩት። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በዚህ መንገድ ላይ ያሉ ሾፌር ናቸው። ኤንትሬ ላይ ረዳት ሆነው ነው የጀመሩት፤ በሙያው ጥርሳቸውን የነቀሉ። ዛሬ ሲኖትራክ ይነዳሉ። ሁሌም እኛ ጋ ሲቆሙ የሚያደርጉት ነገር አለ። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ በመኪናው ዙሪያ ይዞራሉ፤ በየጎማው ጋ ይቆሙና የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቸርኬው ያስጠጋሉ። አይነኩትም። ጣት በሚያህል ርቀት ያቆዩታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ያን ቀን የኋላው ግራ ጎማ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ዘለግ ላለ ጊዜ አቆዩት።

"ይሄኛው ከሌሎቹ ይሞቃል። ሸራው ሳይላቀቅ ይዞ ነው የመጣው" አሉኝ።

ፈታሁት። እንዳሉት ነበር። የሸራው መመለሻ ስፕሪንግ ደክሟል።

"ጋሼ፣ ዓባይን እንዴት ነው የሚወርዱት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ልጄ። መኪናዋ ራሷ ትያዝ። ፍሬን ለጭንቅ ቀን ነው።"

ሸራውን እያጸዳሁ የአሎንሶን ነገር አወራኋቸው። ፎርሙላ ዋን አይተው አያውቁም። መኪናው ጠዋት መጋጨቱን፣ መካኒኮቹ መረባረባቸውን፣ ጀርባው እያመመው መጨረሱን ነገርኳቸው። ይገረማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

"እና ምን ያስገርማል? ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ የዋለ ሰው እያለ፣ መንገድ ላይ ጥለሃት ትወርዳለህ እንዴ?"

"ጀርባው እኮ እያመመው ነው።"

"የሁላችንም ያመናል" አሉና ወንበራቸው ላይ ያለችውን ትራስ አሳዩኝ። ጨርቋ አልቆ በላስቲክ ተሸፍናለች።

እሳቸው ሲሄዱ የዘወትር ረዳታቸው ሮጦ ተሳፈረ። ልጅ ነው፣ ገና መንጃ ፈቃድ የለውም። ከእሳቸው ጋር ስንት ጊዜ ዓባይን እንደወረደ እንጃ። እጁን ወደ ቸርኬ ማስጠጋት ግን ለምዷል፤ ከእሳቸው ኋላ ኋላ እየተከተለ ሲያደርግ አይቼዋለሁ።

እዚህ ሱሉልታ ውስጥ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ መም አለ። ጠዋት ጠዋት ሯጮች በአስፋልቱ ዳር እያለፉ እኛ በር እንከፍታለን። ቀነኒሳና አሎንሶ የአንድ ዓመት ልዩነት ነው ያላቸው። አሎንሶ በመጀመሪያ ሻምፒዮን በሆነበት በ2005 ቀነኒሳ ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። በ2024 ሁለቱም አሉ። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ማራቶን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጣ። ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ታምራት ቶላ በወርቅ ሲያንበሸብሸን፣ 42 የሞላው ቀነኒሳ 39ኛ ሆኖ ገባ። ያን ቀን "ለምን አያቆምም" የሚል ሰው እዚህም ነበር። 39ኛ ሆኖ መግባትን እንደ ውርደት የሚያይ ሰው ማራቶን ምን እንደሆነ አያውቅም። ማቋረጥ ይችል ነበር፤ ከዚያ በፊት ያቋረጣቸው ማራቶኖች አሉ። ፓሪስ ላይ፣ የአገሩን መለያ ለብሶ፣ አላቋረጠም።

ሰው ስለ አንጋፋ ሲጽፍ ቁጥር ይበዛል፤ እኔም አብዝቻለሁ። 400 የሚለውም ቢሆን ተቆጥሮ የመጣበት ቦታ እንጂ የተነሳበት ሁሉ አይደለም። በፈረንጆቹ 2017 ሩሲያ ላይ መኪናው ገና በማሟሟቂያው ዙር ቆሞበታል፤ በ2005 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚሽሊን ጎማ ችግር ከሌሎች ጋር ሳይነሳ ተመልሷል። እነሱም 400 ውስጥ አሉ። መኖራቸው ትክክል ይመስለኛል። በእነዚያ ቀናትም መካኒኮቹ ሠርተዋል፣ እሱም ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል።

ከአስተን ማርቲን ጋር ያለው ውል እስከ 2026 ነው። ያኔ 45 ዓመት ይሞላዋል። በዚያው ዓመት ለቡድኑ ሞተር የሚሠራለት ማን እንደሆነ ሳነብ ሁለቴ ነው ያየሁት። ሆንዳ ነው። ያው ሆንዳ። ሱዙካ ላይ የሰደባቸው ሰዎች እንደገና ሞተር ሊገጥሙለት ነው። ከመካከላቸው ያኔም የነበሩ ይኖራሉ። ልጆቹ ሜክሲኮ ተመልሶ ሄዶ ያሸንፍ ይሆን እያሉ ይከራከራሉ። እኔ የምጠብቀው ሱዙካን ነው። መኪናው ጥሩ ቢሆንም ባይሆንም፣ በሬዲዮ ምን እንደሚላቸው መስማት እፈልጋለሁ።